የወሩ አሥራ ሁለተኛ ሰው

ታላቅ ወንድሙ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን ሞተ። እሱ ያወቀው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ያወቀውም ማንም ነግሮት አይደለም። ዛሬ ሃያ ሰባት ነው። ጎህ ሊቀድ ትንሽ ቀርቶታል፣ ሱሪውን እንደታጠቀ፣ ጫማውን እንዳሰረ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ መርዶውን ሊነግሩት የሚመጡትን ሰዎች ይጠብቃል። በሩን አልቆለፈም። እዚህ አገር ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሩን ሳይቆልፍ ሲተኛ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ መተኛት ከተባለ። ጣሪያው ላይ ውሃ ሰርጎ የተወው ቡናማ ምልክት አለ፣ አንዳንዴ ጆሮ ይመስለዋል፣ አንዳንዴ ምንም አይመስለውም። ከላይ ያለው ጎረቤት ሲነሳ ወለሉ ይንቋቋል፤ ያ ሰው ከተነሳ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ገና አልተነሳም።

ሥራው የሞተ ሰው መስቀል ነው። እንዲህ ይለው የነበረው ወንድሙ ነው። በከተማው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ፣ ከካፖርት ማስቀመጫው ትይዩ፣ ረጅም ነጭ ግድግዳ አለ። ከላዩ «በዚህ ወር የተለዩን» ይላል፣ ከሥሩ አሥራ ሁለት ምስማር ተመቷል። በወሩ ውስጥ ስመ ጥር ሰው በሞተ ቁጥር የክፍሉ ኃላፊ፣ ቃል ቆጥባ የምትናገር ቀጭን ሴትዮ፣ አንድ ፎቶና አንዲት ካርድ ታመጣለታለች። እሱ የፍሬሙን መስታወት በጋዜጣ ይወለውላል፣ ፎቶውን ያስገባል፣ በውሃ ልክ እያስተካከለ ይሰቅላል፣ ካርዷን ከሥር ይለጥፋል። ስም፣ ሙያ፣ የሞተበት ቀን። ሌላ የለም። ዘፋኙም፣ ቀዶ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ሯጩም አንድ ዓይነት ፍሬም ነው የሚደርሳቸው፤ በሕይወት ሳሉ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ወር ስለሞቱ ብቻ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ወሩ ሲያልቅ ሁሉንም ያወርዳል፣ ፎቶዎቹ ወደ መሳቢያ ይገባሉ፣ ፍሬሞቹ የሚቀጥለውን ወር ይጠብቃሉ። ሌላውን ጊዜ መደርደሪያ ሲጠግንና አምፖል ሲቀይር ይውላል። ግን እሁድ ሲደውል ወንድሙ ስለ አምፖል ጠይቆት አያውቅም። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «እሺ፣ በዚህ ሳምንት እነማንን ሰቀልክ?» ይላል።

«አንድ ተራራ ወጪ።»

«ተራራ መውጣት ሙያ ነው? ምን ጠፍቶበት ነው የወጣው?»

«አንድ የቼዝ ተጫዋች። አርባ ዓመት አንደኛ ነበር።»

«አርባ ዓመት ተቀምጦ እንጨት ሲገፋ! በል ድምፅህን ቀንስ፣ የኛ ሰፈር ሥራ ፈቶች ሰምተው የእኛስ ፎቶ የት አለ እንዳይሉን።»

ከዚያ ይስቃል፣ ሳቁ መሐል ሳሉ ይገባል፣ ከሳሉ ኋላ ሬዲዮው አለ። ሁልጊዜ አንድ የተከፈተ ሬዲዮ አለ። ወንድሙ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ነበር፣ ነው፤ የሚሠራው እዚያው በሚተኛበት ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ታማሚውን ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ያዳምጠዋል፣ ሲያጓራ ሲንተፋተፍ፣ ሆዱን የቱ ጋ እንደሚያመው እስኪገባው። ስልክ ሲነጋገር እንኳ አይዘጋውም። አንድ እሁድ፣ «አንዱን ምስማር ለኔ ያዝልኝ እንጂ» አለው። ሙያህን ምን ብዬ ልጻፍ? «ሬዲዮ ጠጋኝ ብለህ እንዳታዋርደኝ። የድምፅ ሐኪም በል።» ስቀው ነበር። ሁለቱም ስቀው ነበር። እሱ ይህን ሲያስታውስ አሁን የሚያየው የራሱን ጥርስ ነው።

በወሩ አራተኛ ቀን የሞተው ስመ ጥር ሰው የድልድይ መሐንዲስ ነበር። አርባ ሁለት ድልድይ ሠርቷል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመሐንዲሱን መስታወት ሲወለውል ጥግ ላይ አንድ የጣት አሻራ አልለቅ ብሎት፣ እስትንፋሱን ኡህ እያለበት በክርኑ ሲያሸው ቆየ። ምናልባት ያን ጊዜ ነው። ምናልባት ከዚያ በፊት፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ። ምናልባት ዳቦውን ሲበላ። ሰዓቱን አያውቅም፣ ስለዚህ ቀኑን በሙሉ በየሰዓቱ ደጋግሞ ይገለዋል። በስድስተኛው ቀን ዘፋኟ ሞተች፣ በሰባተኛው ሯጩ፣ ከዚያ ጡረታ የወጣው ዳኛ፣ ከዚያ ለትኩሳት መድኃኒት ያገኘው ሐኪም፣ ከዚያ ሁለት በአንድ ቀን፣ የኮከብ ተመራማሪና የእግር ኳስ ዳኛ። ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ጉዳይ ውጭ አንድ ቃል ተናገረች፦ «ብዙ ናቸው።»

እሁድ ዘጠኝ ደወለ። ያነሳችው ታናሽ እህታቸው ናት።

«ጋሼስ?»

«ተኝቷል።»

«በቀን?»

«ሰው አይደለም እንዴ፣ አይተኛም? ጉንፋን ነገር ይዞታል።»

እሁድ አሥራ ስድስት ደወለ። ጋሼ ጥርሱን ተነቅሎ አፉ አብጧል፣ መናገር አይችልም። «እሰይ!» አለ እሱ፣ «ዛሬ እንኳ ሳያቋርጠኝ ይስማኛ፣ ጆሮው ላይ አድርጊለት።» አይ፣ አሁን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል፣ ለኔ ንገረኝና እነግረዋለሁ። ነገራት። መሐንዲሱን፣ ዘፋኟን፣ ሯጩን፣ ሁሉንም። «በዚህ ወር ሞት ሠርግ ደግሷል በይው። ወሩ ገና እኩሌታው ነው፣ አሥራ አንድ ምስማር ተይዟል። አንድ ብቻ ነው የቀረው። አሥራ ሁለተኛው ማን ይመስልሃል ብሎሃል በይው።» ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፣ አንድ ሰው አሳለ፣ ጎረቤት ነው አለች ሳይጠይቃት። ከዚያ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው፣ ሰው ትኩስ ነገር ነክቶ እጁን ሲያነሳ እንደሚያወጣው ድምፅ። «እጠይቀዋለሁ» አለች። ጋሼ በሞተ በአሥራ ሁለተኛ ቀኑ። ሐዘንተኛ በተቀመጠበት ቤት። እሱ ደግሞ ስልኩን ዘግቶ፣ ደስ ብሎት፣ እግሩን ታጠበ። እግሩን መታጠቡን ለምን እንደሚያስታውስ አያውቅም፣ ግን ያስታውሳል፣ ውሃው ሞቅ ያለ ነበር።

እሁድ ሃያ ሦስት፣ ጋሼ የሬዲዮ ዕቃ ሊገዛ ሌላ ከተማ ሄዷል። መቼ ይመለሳል? በሳምንቱ። ስልኩን ይዞ አልሄደም? ረስቶት። ሊዘጋ ሲል ነው የሰማው፣ መስማት ከተባለ፤ ከእህቱ ድምፅ ኋላ ምንም የለም። ያ ክፍል ባዶ ነው። የሬዲዮው ድምፅ ባለፈው እሁድም አልነበረም፣ በዚያኛውም። ሦስት እሁድ ሙሉ ያ ቤት ሬዲዮ አልተከፈተበትም። ሬዲዮ የማይከፈተው ደግሞ የት ቤት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። «እሺ፣ ደህና ሁኚ» አላት። «ደህና ሁን ወንድምዓለም» አለችው። ዘጋ። አልጮኸም። ማን ነግሮት ይጮኻል? ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሦስት ጊዜ በሩን ያንኳኩት ሰዎች ምን ፈልገው እንደነበር በዚያን ሰዓት ገባው።

ሁለት ነበሩ። አንዱ ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሌላው ድሮ ሹፌር የነበሩ፣ የአገር ሰው ሁሉ አባባ የሚላቸው ሽማግሌ። መጀመሪያ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጡ፣ ቀጥሎ በአሥራ አምስተኛው፣ ቀጥሎ በሃያ አንደኛው፤ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ። በበሩ ቀዳዳ አያቸው። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ይህን እያየ አልገባውም! የማኅበር አባል ሁን ሊሉት፣ ስብሰባ ሊጠሩት፣ የማን ልጅ ነህ ሊሉት የመጡ መሰለው። ካልሲ እንዳደረገ፣ ወለሉ እንዳይንቋቋ ሁለት እግሩን አንፈራጦ፣ እስትንፋሱን ውጦ ቆመ። «ቤት አለ እኮ፣ መብራት አይቻለሁ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «ተኝቶ ይሆናል፣ ተወው ልጄ» ይላሉ ሽማግሌው። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ሰምቷል። ሄደዋል ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲከፍት ደረጃው ላይ የባርኔጣቸው ክብ ምልክት አቧራው ላይ ነበር። በልቡ፣ ተገላገልኩ አለ።

ከአገር ልጅ መሸሽ የጀመረው ወዶ አይደለም። በመጣ በዓመቱ የሚኖረው የዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ነበር፤ ለወንድሙ ግን ትምህርት ቤት ገብቻለሁ ብሎት ነበር። ለአንድ የአገሩ ልጅ፣ ለአንድ ብቻ፣ እውነቱን ነገረው። ወሬ እግር የለውም ግን ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሙ ደወለ፣ አልተቆጣም፣ አልጠየቀም፣ ስልኩን ይዞ አለቀሰ። በሕይወቱ ወንድሙ ሲያለቅስ የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሩን ቋንቋ አውቶቡስ ላይ ሲሰማ የሚቀጥለው ማቆሚያ ላይ ይወርዳል።

ከላይ ያለው ጎረቤት ተነሳ። ወለሉ ተንቋቋ። ውሃ ሲከፈት ይሰማል።

አባታቸው ሲሞት ወንድሙ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሱ አሥራ ሦስት፣ እህታቸው አምስት። እናት የለችም፣ እህታቸውን ስትወልድ ነው የሄደችው። አባታቸው ጫኝና አውራጅ ነው፣ ሌላ ከተማ ጭነት ሊያራግፍ ሄዶ ጆንያ ተናደበት። ወንድሙ ሄዶ ቀብሮት መጣ። እሱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው። ወንድሙ ማታ ገብቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ሽሮ ሠርቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ «በል፣ ሰባት ጊዜ ስምንት?» ይለዋል። «አምሳ ስድስት።» «ስምንት ጊዜ ዘጠኝ?» ከጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር አለ። የእነሱ ሰፈር አፈር ጥቁር ነው። አፈሩን አየው፣ ቀይ መሆኑን አየው፣ «ሰባ ሁለት» አለ። አልጠየቀም። አምስት ቀን እንዲህ አደሩ፣ ፈተናው አለቀ፣ በስድስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶች መጡና ቀሰቀሱት። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ፣ አባቱ አፈር ውስጥ ሆኖ። ሁለት ወር ወንድሙን አላናገረውም። «ለምን ደበቅከኝ?» ሲለው፣ ያ ያልተማረ፣ ለእነሱ ሲል ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ፣ «ፈተናህ ነበራ» አለ። «ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ።» «እሺ። የኔን ሞት እኔው ራሴ ነኝ የምነግርህ።»

ይኸው አልነገረውም። አሁንም አየ፣ አሁንም አልጠየቀም። ጎልማሳ ሰው፣ ቀዩን አፈር ሁለተኛ ጊዜ አይቶ ሰባ ሁለት ያለ።

ሰኞ ሃያ አራት ቢሮ ገብቶ፣ ቤተሰብ ሲሞት ስንት ቀን ፈቃድ ይሰጣል ብሎ ይጠይቃል። ወረቀት የሚያስሞላው ወጣት ጨዋ ነው፣ ፊቱን ያከብዳል። ማን ሞቶብህ ነው? «ገና አልተነገረኝም።» ወጣቱ ያየዋል። ታዲያ እንዴት አወቅክ? ሬዲዮ አልተከፈተም ብሎ ይመልስለት? ወረቀቱ ላይ ዝምድና ይላል፦ ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ሌላ። ወንድም «ሌላ» ውስጥ ነው። ለወላጅ አምስት ቀን፣ ለሌላ አንድ ቀን፣ ለሁሉም የሞት ማስረጃ። እስክሪብቶውን «ወላጅ» የሚለው ላይ አሳርፎ ቆየ። ሰባት ጊዜ ስምንት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ። በማግስቱ ኃላፊዋ አሥራ ሁለተኛውን ፎቶ አመጣች፤ ቀልደኛ ነው፣ አገር ሲያስቅ የኖረ፣ ትልቅ አፍንጫ ያለው። በውሃ ልኩ ለክቶ ሰቀለው። ቀጥ አለ። ግድግዳው ሞላ። ወንድሙ ቢሰማ፣ ምስማሬን ቀልደኛ ስለወሰደው ደስ ብሎኛል ይል ነበር፣ ወይም አይልም፤ ከእንግዲህ ወንድሙ የሚለውን የሚያውቅ ማንም የለም።

በየጎሁ ጠበቃቸው። አልመጡም። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። ታክቷቸዋል። ለእህቱ ደውሎ አውቄያለሁ ቢላት? በስልክ ሰምቶ፣ ብቻውን አራት ግድግዳ መሐል ቢወድቅ ማን ያነሳዋል ብላ ነው ይህን ሁሉ ውሸት የተሸከመችው፤ አሁን እሱ ከእጇ ነጥቆ መሬት ላይ ያፍርጠው? መርዶ ደግሞ ሄደህ አምጡልኝ የምትለው ነገር አይደለም። እንዴት ይባላል? ጌቶቼ፣ ወንድሜ ሞቶ ነበርና ብትነግሩኝ?

ትናንት ከሥራ ሲወጣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ገባ። ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ቀልድ ላይ ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ! ያ በር የማይከፍት ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ጎሽ። አለሁ ማለትም ጥሩ ነው።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ና፣ ተቀመጥ።»

«ተራ አለ እኮ» አለ ከሚጠብቁት አንዱ።

«አንተ ፀጉር አለህ ልትል ነው? ዝም በል።»

ሳቁ። ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረ። ፀጉሩን አስተካከለው፣ ጥንቃቄው ለታመመ ሰው የሚደረግ ዓይነት ነው። ጨርሶ ምላጩን አነሳ፣ ጉንጩን አየ፣ ምላጩን መልሶ አስቀመጠ። «ፂምህ ይቆይ» አለ። «ይቆይ» አለ እሱ። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ሐዘንተኛ ፂሙን እንደማይላጭ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሰው ፊት ግን ሞት አይነገርም። ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ ከአንገቱ ላይ ፀጉር የሚያራግፍ መስሎ፣ «ነገ ጠዋት ቤት ትገኛለህ?» አለው።

«እገኛለሁ።»

«ክፈትልን እንጂ ታዲያ። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

እግር ይሰማል። ደረጃው ላይ ነው። ሁለት ሰው፤ አንዱ ፈጠን ይላል፣ ሌላው በየደረጃው ያርፋል። ተነሳ። ሊነግራቸው ይችላል፣ አውቃለሁ፣ አትድከሙ ብሎ። ሽማግሌው ግን ቃላቸውን አዘጋጅተው፣ አውቶቡስ ሳይጀምር በእግራቸው መጥተዋል። እጀታውን ከማንኳኳታቸው በፊት ጎተተው።

«ደህና አደርክ ልጄ።»

«ደህና አደሩ አባባ። ግቡ።»

አንድ ወንበር ነው ያለው፣ ለሽማግሌው ሰጣቸው። አልተቀመጡም።

«አንተ ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልስማው።»

«ተው ልጄ፣ ይህ ቆመው የሚሰሙት አይደለም። ሦስት ጊዜ ቃሌን ይዤ መጥቼ ሦስት ጊዜ ተሸክሜው ተመልሻለሁ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ከበደኝ። ተቀመጥልኝና ላውርደው።»

ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላው ሄዶ ቆመ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያውቀዋል፣ አራት ቀን ሙሉ አውቆታል፣ አልቆበታል፣ የሚቀር ነገር የለም ብሎ ነበር። «ታላቅ ወንድምህ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያሳደገህ» አሉ፣ ሦስተኛው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ወለሉ ከሥሩ ሄደ። ከአፉ የወጣው ድምፅ የሱ አይደለም፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ወደ ፊት ሲደፋ የፀጉር አስተካካዩ ሁለት ክንዶች ከብብቱ ሥር ያዙት፣ አልለቀቁትም። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በእግሩ መታ። ከዚያ ነገሩ ገባው መሰል ተወ።

ሲነጋጋ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ደውሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገለት። እህቱ በአንድ ጥሪ አነሳች።

«ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

አለቀሱ። ብዙ ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ቁጣዋ መጣ፦ «ሦስት ጊዜ! ሰው እንዴት ሦስት ጊዜ በሩን ይቆልፋል? በየቀኑ ዛሬስ ከፈተላቸው እያልኩ ስሞት!»

«አጥፍቻለሁ።»

«እንዴት አድርጌ እንዳዋራሁህ ታውቃለህ? ቀጭን ውሸት አልችልበትም፣ ጥርሱን ነቀልኩበት፣ ከተማ ላኩት...»

«አጥፍቻለሁ አልኩሽ።»

«እኔን የጨረሰኝ ያ ጥያቄህ ነው። አሥራ ሁለተኛው ማን ይመስለዋል በይው አልከኝ። መልሱን አፌ ውስጥ ይዤ ከረምኩ።»

ግድግዳው መሙላቱን፣ ቀልደኛው ቀጥ ብሎ መሰቀሉን አልነገራትም። ሬዲዮዎቹስ አላት። ባለቤቶቹ እየመጡ ወሰዱ፣ ተጠግነውም ሳይጠገኑም፣ ጠረጴዛዋ ባዶ ናት አለች። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ሆነው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ፀጉር አስተካካዩ መስኮቱን ከፈተ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሃያ ሰባት።

ከሦስቱ ልጆች የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ።